ታኮ መቺው ታኮ ሲያጣ

ኦገስት 3

አዋጅ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ከቅዱስ ሮኩስ ኮረብታ ሥር፣ የፕለም ዛፎች ባሉበት ግቢ የምትኖሩ ነዋሪዎች በሙሉ (እኔና ድመቱ ማለት ነው)፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ የቼኔክ የእግር ጣቶች በምሕረት ከእስር ተፈትተዋል። ምሕረቱን ያደረገችው የልጄ ልጅ አፖሌና ናት። የግራ እግር ትንሿ ጣት ግን ዘመኗን ሙሉ ጎረቤቷ ላይ ተደግፋ ስለኖረች ቀስ ብላ እንድትወጣ ተፈቅዶላታል።

ድመቱ አዋጁን ሰምቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ስሙ ሚኒስትር ነው። ምን ይጠበቃል?

አፖሌና ከዝሊን ከተማ መጣች፣ ካርቶን አቅፋ። እዚያ አንዲት ትንሽ የጫማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሰፋለች። የባዶ እግር ጫማ የሚሉትን። ሶሉ እንደ ቂጣ የሳሳ፣ ፊቱ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ። አገላብጬ አየሁት። ታኮውን ፈለግሁ።

«አፖሌናዬ፣ ይሄ እኮ አላለቀም። ታኮውን ማን ይምታው? እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«አልቋል አያቴ። ታኮ የለውም።»

«ረሱት?»

«አልረሱትም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ዝሊን ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ታኮ ስመታ የኖርኩ ሰው። የአገሩ ሙሽራ ሁሉ እኔ በመታሁት ታኮ ላይ ቆማ ነው ያገባችው። አሁን የገዛ ልጄ ልጅ ታኮ ነቅላ እንጀራ ትበላለች። እሺ። ዘመን ነው።

ለምን አመጣችው? ጁን ላይ የበሩ ደፍ አደናቀፈኝና ወደቅሁ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ የሆነው የአበባው ማሰሮ ነው። ግን ልጄ ሉድሚላ፣ የአፖሌና እናት፣ ሰማች። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። «አባባ፣ ደግመህ ከወደቅህ ይሄ ቤት ይዘጋል። እኛ ጋ ትመጣለህ።» እነሱ ጋ ማለት ከተማ። አራተኛ ፎቅ። መስኮቱ የሌላ ሰው መስኮት የሚያይ። ፕለም የለ፣ ጫካ የለ፣ እንጉዳይ የለ። ሚኒስትሩስ? አይጥ በሌለበት አገር ምን ሥልጣን ይኖረዋል?

አፖሌና እንደምትለው የሚጥለኝ ደፉ አይደለም። ቡት ጫማዬ ነው። «ሶልህ ወፍራም ነው አያቴ። እግርህ መሬቱን አይሰማም። ደንቁሯል።»

እግር ይሰማል እንዴ? እናያለን።

ኦገስት 4

«ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻ ተራመድ» ተባልኩ። ቤቴ የት ድረስ እንደሆነ ግን ማን ወሰነ? እኔ እስከ ብላዤና ሱቅ ያለውን ሁሉ ቤቴ ነው የምለው።

ሄድኩ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ተረከዜ አስፋልቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል። እስከ ጥርሴ ተሰማኝ። የሙያ ልማድ ይሆን?

ብላዤና ከሒሳብ ጠረጴዛዋ ጀርባ አንገቷን አስግጋ እግሬን አየች።

«አቶ ቼኔክ፣ በቤት ጫማዎ ወጡ እንዴ?»

«አይ፣ ወይዘሮ ብላዤና። የሠርግ ጫማዬ ነው።»

«ማንን ሊያገቡ?»

«ገና ማመልከቻ እየተቀበልኩ ነው።»

ዳቦውን ስትሰጠኝ አመናጭቃ ነው የሰጠችኝ። ታስብበታለች ማለት ነው።

ኦገስት 5

ባቴ... ወይ ባቴ። ከአልጋ ስነሣ ሁለቱም ባቶቼ ሥራ አቁመው፣ ማኅበር አቋቁመው ጠበቁኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። ታኮው ይመለስ።

አፖሌና ደወለች።

«ትንሽ ትንሽ ነው ያልኩህ። ምን ያህል ሄድክ?»

«ትንሽ።»

«የት ድረስ?»

«ብላዤና ሱቅ።»

«አያቴ።»

«መመለስም ነበረብኝ እንግዲህ። እዚያ አላድር።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ቁርጥ እናቷን።

ኦገስት 9

ዛሬ ከጠጠር ጋር ተዋወቅሁ። ከበሩ እስከ አጥሩ ያለውን ጠጠር ራሴ ነኝ ያነጠፍኩት፤ ግን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አንዱ ሹል ነው፣ አንዱ ተንኮለኛ ነው፣ አንዱ ደግሞ ጓደኛዬን ሮስትያን ይመስላል፤ ወፍራምና አርፎ የማይቀመጥ።

ሚኒስትሩ ሲሄድ ተመለከትኩት። እግሩን ሲያሳርፍ መሬቱን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። መጀመሪያ ይነካል፣ ከዚያ ይጫናል። እርምጃው አጭር ነው። አስመሰልኩት። ዱብታው ጠፋ። እሱ ግን ተቀየመኝ፤ አካሄዱን የሰረቅሁበት መሰለው።

ኦገስት 13

ቢራ ቤት። ሮስትያ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ቆየ። የድሮ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ጎማ መመርመር ይወዳል።

«ቼኔክ፣ ይሄ ጓንት ነው። እጅህ ላይ ምን ልታደርግ ነው? ቡት?»

«ዝም ብለህ ጠጣ።»

«አይጥ ግማሹን በላብህ ልበል?»

«ሚኒስትሩ እያለ? አይደፍሩም።»

«በዚህ ጫካ ልትገባ? በዚህ?» ሳቀ፣ ሆዱ ጠረጴዛውን ገፋው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና የእንጉዳይ ቦታህን... ዘንድሮም አትሄድባትም?» አለኝ።

የሚፈልገው እሷን ነው ለካ። ኮረብታው ላይ፣ ቀጥ ባለው ዳገት በኩል፣ የእኔ ቦታ አለች። ማንም አያውቃትም። እግሬ እምቢ ካለኝ ጀምሮ አልሄድኩም። ሮስትያም አለመሄዴን ያውቃል። በየመኸሩ ኮረብታውን እንደ ጭልፊት ይዞረዋል።

«እሄዳለሁ» አልኩት።

አልኩ እንግዲህ።

ኦገስት 17

ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች። ለብቻዋ። ማንም ሳይነካት።

ኦገስት 23

ዛሬ የሆነውን... ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሮስትያ ቤት ለፕለም ኬክ ተጠራሁ። ሚስቱ ኦቲሊያ ከባሏ ይልቅ ወለሏን ነው የምትወደው፤ ጳጳስ ቢመጣ እንኳ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ አይገባም። አወለቅሁ። የእንግዳ የቤት ጫማ ሰጠችኝ፤ ግራጫ፣ ሱፍ፣ ስስ። ተቀመጥን። ኬኩ ጥሩ ነበር። የሮስትያ የፕለም አረቄ ደግሞ ከኬኩ ይሻል ነበር። ስለ እንጉዳይ ተዋሸን። ተነሣሁ፣ ተሰናበትኩ፣ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ደስ አለኝ። ምን ያለ ቅልጥፍና ነው... ድምፅ የለ፣ ክብደት የለ። በቃ ለመድኩት አልኩ። ጫማው ከእግሬ ጋር አንድ ሥጋ ሆነ። ካፊያ ጀመረ፤ ካፊያውን እንኳ በውስጥ እግሬ ሰማሁት። አፖሌና ምን ያለች ባለሙያ ወጣት እያልኩ እየሳቅሁ...

ብላዤና ሱቅ ፊት የሉድሚላ መኪና ቆሟል። ሳትነግረኝ ነው የመጣችው። ወረደች።

«አባባ፣ እግርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የልጅሽ እጅ ሥራ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ። እንድታይ አንዱን እግሬን አነሣሁላት።

እኔም ያን ጊዜ አየሁት። ግራጫ ሱፍ። ላዩ ላይ ቀይ የጥልፍ ጽጌረዳ።

ብላዤና ከበሯ ላይ ሆና «እኔስ ያን ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር» አለች።

ሉድሚላ መሳቅ ነበረባት። ማንም ይስቅ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ነጣ። ያየችው እግሬን አይደለም፤ ጭንቅላቴን ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ልደቴ አይደለም። ሌላው አይመለከተኝም።»

«እኔ ማን ነኝ?»

«ግብር ሰብሳቢዋ።»

እንባዋ መጣ። መንገድ ላይ፣ ካፊያ ውስጥ። እኔ ደግሞ በረጠበ ጽጌረዳ ቆሜ... ምን ነካኝ? አንድ ጊዜ እንኳ አፌን መያዝ አቃተኝ?

ቤት ስንደርስ ሮስትያ ደወለ። «ቼኔክ፣ ዳክዬዎችህ እዚህ ናቸው። ኦቲሊያ ጽጌረዳዎቿን ትፈልጋለች።»

ኦገስት 24

ሉድሚላ እዚሁ አደረች። ቁርስ ላይ አስረዳኋት። አዲሱ ጫማ ስስ ነው፣ የቤት ጫማውም ስስ ነው፤ የለመደ እግር አይለይም አልኳት።

«ጫማውን ያልለየ ሰው ጋዙን ዘግቶ መተኛቱን በምን አውቃለሁ?»

ደህና ጥያቄ ነው። የእኔ ልጅ ናትና።

«ብርዱ ሳይገባ ትመጣለህ» አለች። እንደ ጥያቄ አልነበረም።

ለመንኳት። እኔ ቼኔክ ለመንኩ። የቅዱስ ቫትስላቭ በዓል ዕለት፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ሁላችንም ኮረብታው ላይ እንውጣ አልኳት። ቀጥ ባለው በኩል። ያለ ከዘራ፣ ያለ ሰው ድጋፍ። ወጥቼ ከወረድኩ እዚህ እኖራለሁ።

«ከወደቅህስ?»

«ሻንጣዬን ራሴ አዘጋጃለሁ። ድመቱን ግን አንቺ ታሳምኚዋለሽ።»

ዳቦውን ቅቤ ስትቀባ ቆየች። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረች። «ከምሬ ስጠይቅህ ከምርህ መልስ። እሱም የስምምነቱ አካል ነው።»

«እሱስ ከኮረብታው ይከብዳል።»

«አባባ።»

«እሺ። ከምሬ፣ እሺ።»

ሴፕቴምበር 2

የፕለሙ ሥር አደናቀፈኝ። አልወደቅሁም። ጣቶቼ መሬቱን ሙጭጭ አድርገው ያዙት። ድሮ ቢሆን ጣት መኖሩንም አላስታውስም ነበር።

ሴፕቴምበር 8

ዳገቱን ልለማመድ ወጣሁ። ግማሽ ድረስ ብቻ። መውጣቱ አላስቸገረኝም፤ መውረዱ ነው። ስወርድ ጉልበቴ የድሮውን ታኮ ይፈልጋል። ጎንበስ፣ አጠር፣ ለስለስ... እንደ ሚኒስትሩ።

ከኋላዬ ቅርንጫፍ ተሰበረ።

«ሮስትያ፣ ከዛፉ ኋላ ውጣ። ሆድህ በሁለቱም በኩል ይታያል።»

«ሽንቴን ልሸና ነው የመጣሁት።»

«ከቤትህ ድረስ?»

«ቤት ኦቲሊያ አለች።»

ቅርጫት ይዟል። ቅርጫት ይዞ የሚሸና ሰው አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ልቤ ተነሣሣ። ወደ ቦታዬ የምሄድ መስዬ፣ ግራ ቀኝ እየተገላመጥኩ፣ ሳማው ወደበዛበት ሸለቆ ይዤው ወረድኩ። እኔ በደረቁ ዳር ዳር። እሱ በዚያ ታንክ በሚያህል ቡቱ መሐል መሐሉን። ሳማው እጁን ለበለበው፤ ከዚያ ተንሸራተተና ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ቅርጫቱ ባዶውን ተንከባለለ።

እጄን ሰጠሁት።

«ቡትህ ጥሩ ነው» አልኩት፤ «ለመቀመጥ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አውቀህ ነው።»

«አውቄ ነው።»

እየተሳደብን አብረን ወረድን። እሱ እኔን ተደግፎ። ይህን ሉድሚላ ባየችልኝ።

ሴፕቴምበር 16

ዝናብ። አልወጣሁም። ሚኒስትሩ ቀኝ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ተኛ። እግር በለቀቀው ወንበር ሚኒስትር ይቀመጣል።

ሴፕቴምበር 27

ነገ ነው።

አፖሌና ዛሬውኑ መጥታ ጫማዬን መረመረች፣ ማሰሪያውን ቀየረችልኝ። «ሶልህ ዙሪያውን እኩል ነው ያለቀው አያቴ። ተረከዙ ብቻ አይደለም። ታውቃለህ ምን ማለት እንደሆነ?» አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያለቀ ሶል ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን እሷ ትንገረኝ ብዬ ጠየቅኋት፤ «መሬቱን በተረከዝህ መምታት ትተሃል» አለችኝ።

እሷ ከተኛች በኋላ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ደፍ ከሚስቴ ከሄርሚና ጋር ነው ያስቀመጥነው፤ ነፍሷን ይማርና፣ «ዝቅ አድርገው፣ ስናረጅ እንወድቅበታለን» ብላኝ ነበር። አልሰማሁም። ከፍ ያለ ደፍ ያምር ነበር ያኔ።

ፈርቻለሁ። ለሮስትያ አይነገር፣ ለአፖሌና አይነገር። እዚህ ይሁን።

ሴፕቴምበር 28

እጄ ደክሟል፣ እግሬ ግን አልደከመም። ልጻፍ።

ጠዋት ሉድሚላ መጣች። አዲስ የተራራ ቡት ገዝታለች፣ ሶሉ የትራክተር ጎማ። ሮስትያም ማንም ሳይጠራው መጣ፣ ኦቲሊያ የላከችውን ኮላች የሚሉትን ፕለም ያለበት ጣፋጭ ዳቦ በአንድ እጁ፣ ቅርጫቱን በሌላው።

«አንተ ምን ልትሠራ?» አልኩት።

«ምስክር።»

«ቅርጫቱስ?»

«እሱም ምስክር።»

ወጣን። ብዙ የምጽፈው የለም። ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ እግሬ አልከዳኝም። የሉድሚላ ዓይን ከተረከዜ አልተነቀለም፤ በጀርባዬ ይታወቀኝ ነበር። ኮረብታው አናት ላይ ያለው ቤተ ጸሎት ጋ ስንደርስ ተቀመጥን፣ ኮላቹን በላን። ማንም እንኳን ደስ ያለህ አላለኝም። ሁሉም መውረዱን ነው የሚያስቡት። እኔም።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቅጠሉ እንደ ሳሙና ነው። አፖሌና ቀደመች። እኔ ቀጠልኩ። መንካት፣ ከዚያ መጫን። መንካት፣ ከዚያ መጫን። ከቅጠሉ ሥር ድንጋይ ካለ አወቅሁ፣ ሥር ካለ አወቅሁ። እየጨረስነው ነበር። ያን ጊዜ ነው ኋላዬ «ወይኔ» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

ሉድሚላ መጣች። ቆማ አይደለም፤ ተቀምጣ ነው የመጣችው። የትራክተር ጎማዋ ቅጠሉን እንደ ጀልባ ይቀዝፈዋል። በአጠገቤ ስታልፍ ክንዷን ያዝኩ። ሁለቱ እግሮቼ መሬቱን ነከሱ። ቆምን። እኔ ቆሜ፣ እሷ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቶ።

አፌ ላይ አንድ ነገር መጣ። እንዴት ያለ የሚጣፍጥ ነገር መሰላችሁ... ዋጥኩት።

ሽቅብ አየችኝ። «በል እንጂ።»

«ምኑን?»

«አፍህ ላይ ያለውን።»

«ምንም የለም።»

«ትዋሻለህ። ‹ደግመሽ ከወደቅሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ› ልትል ነበር።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሙሉ አፏ፤ ልጅ ሳለች ፕለም ዛፍ ላይ ሆና እንደምትስቀው። አፖሌናም ሮስትያም ሳቁ። ሉድሚላ ሳቋ ሲያበቃ እጄን አልለቀቀችም።

«አባባ። ከምሬ ነው። ብቻህን እዚህ ስትኖር አትፈራም?»

ስምምነት ስምምነት ነው። ከምሬ መለስኩ። «እፈራለሁ። ትናንት ማታ ፈርቼ ነበር። ግን እዚህ የምረግጠውን አውቀዋለሁ። እዚያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የምረግጠው የሌላ ሰው ጣሪያ ነው።»

ቅጠሉን ከፀጉሯ አወጣች። «በየማታው ትደውልልኛለህ። ደፉንም ዝቅ እናስደርገዋለን።»

«ዝቅ ይደረግ።»

በቃ። ይኸው ነው። ቤቱ ቤቴ ነው።

እንግዲህ ላነሣት ስል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ረገጥኩ። በቀኝ ውስጥ እግሬ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ክብ ነገር ተሰማኝ። ቆምኩ። እጄን ዘረጋሁ፣ ቄስ መስዬ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አልኩ። «እግሬ አንድ ነገር ሰምቷል።» ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ገለጥኩ። የአንድ ሕፃን ራስ የሚያህል ቡናማ እንጉዳይ። ጤነኛ። ትል ያልነካው።

ሮስትያ ባርኔጣውን አወለቀ። እኛ ሁሉ እዚያ ቆመን ማንም አላየውም ነበር።

«በእግርህ?» አለ።

«በእግሬ።»

ማታ በእንቁላል ጠብሰን በላነው። ሮስትያ አልበላም ማለት ይቻላል፤ ሲበላም እግሬን እያየ ነበር።

ኦክቶበር 12

ደፉ ዝቅ ብሏል። አናጢው ትናንት ጨረሰ። ሚኒስትሩ ለአዲሱ ደፍ ገና ፈቃድ አልሰጠም፤ አሁንም ከፍ አድርጎ ይዘላል። ለሉድሚላ በየማታው እደውላለሁ። «ግብር ለመክፈል ነው የደወልኩት» እላታለሁ። «ተቀብያለሁ» ትላለች። ቡቴን አፖሌና ወስዳ ሸክላ አፈር ሞልታ አበባ ተክላበታለች። በጁን ለተሰበረው ማሰሮ ካሣ ነው ብላለች።

ዋናው ዜና ግን ሮስትያ ነው። አፖሌና ጋ ዝሊን ድረስ ሄዶ እግሩን አስለክቶ የባዶ እግር ጫማ አሠራ። ኦቲሊያ ደስ ብሏታል፤ ወለሏን ስለማይቧጭር። እሱ ግን ለወለል አይደለም ያሠራው። ጫካ ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ቅጠል ለቅጠል እየዳበሰ ይሄዳል። እንጉዳይ በእግሩ ሊሰማ። ትናንት ከሩቅ ሳየው ከአንድ ዛፍ ጋር ተጋጭቶ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ሲል ሰማሁት። ልነግረው አስቤ ነበር። አሳዘነኝ። ከዚያ «ቼኔክ፣ ዛሬ ትንሽ ትንሽ እየተሰማኝ ነው» ሲለኝ ተውኩት። በረዶ እስኪጥል ይሰማ።

እዚህ ግን ለማንም ስላልሆነ እውነቱ ይጻፍ። ከላይ ያለው ሁሉ የሆነ ነው፤ ጽጌረዳውም፣ የሉድሚላ ሳቅም፣ የፈራሁትም። ያቺን አንዷን ብቻ ነው የፈጠርኳት። እግሬ የሰማው የጥድ ፍሬ ነበር። እንጉዳዩን ያየሁት በዓይኔ ነው። ያውም በመነጽር።